የመስኮቱ ሰው ማዕረግ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ ጀርመናዊ ሽማግሌ ሦስት ማዕረግ ነበራቸው። ሐሙስ ከሰዓት ካርታ ሊጫወቱ ከሚመጡት የአገራቸው ልጆች ጋር ሲሆኑ «የወታደራዊ አስተዳደር ዋና አማካሪ» ነበሩ፤ ይህ በጦሩ ሚዛን ሌተና ኮሎኔል መሆኑ ነው። ከእኔ ጋር ሲሆኑ ኢንስፔክተር ነበሩ፤ መቶ አለቃ እንደማለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ምን ሲሠሩ እንደነበር ስለሚጠየቁ አዛውንቶች ቴሌቪዥኑ ያወራ ዕለት ደግሞ ድምፁን ቀነስ ያደርጉና «እኔ እንኳ ታይፒስት ነበርኩ» ይላሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኮሎኔልነት ወደ ታይፒስትነት ሲወርዱ፣ ሐሙስ ሲመጣ ደግሞ ተመልሰው ሲሾሙ እያየሁ ቤዝመንቴ ገብቼ ብቻዬን እስቅ ነበር። ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ በሰው ለመሳቅ ጊዜ አላጣም።

ቤቱ ኦግደን የሚባል ሰፈር ነው፤ ከባቡሩ ግቢ ሁለት መንገድ ይርቃል። ፉርጎ ሲጋጠም የኩሽናው ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ ይንጫጫሉ። ሽማግሌው ያንኑ ፉርጎ ቀለም ሲቀቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። እኔ እዚያው ሰፈር ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት ወረቀትን ከዕቃው ጋር አመሳክር ነበር። ከሺፍት ስመለስ በኩሽናቸው መስኮት ያዩኝና በጣታቸው ይጠሩኛል። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው በአፌ «ዩ» እያልኩ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እዚህም የምጽፈው በልቤ ያልኩትን ነው።

ትምህርቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው «እኔ ወታደር አልነበርኩም» ከሚለው ነው። እሳቸው እንደሚያስረዱኝ፣ አንድ ጦር የሰው አገር ሲይዝ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ተኩሱ ካበቃ በኋላ ነው። ድንቹን ማን ይቆጥራል? ከሰል ለማን ይድረስ? ማን ከየት ወደ የት ይሂድ? ወታደር ይህን አይችልበትም። ስለዚህ ከየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ዳኛው ተለቃቅሞ የወታደር ልብስ ይለብስና የወታደራዊ አስተዳደር ባለሥልጣን ይባላል። ሽጉጥም ይሰጠዋል። እሳቸው የተሰጣቸውን ሽጉጥ ወረቀት በነፋስ እንዳይበተን ይጫኑበት እንደነበር በኩራት ነግረውኛል።

ማዕረጎቹን ሁሉ በአንድ ካሬ ደብተር ላይ ጽፈው አስቀምጠዋል። ከታች ረዳት፣ ከሱ በላይ ጸሐፊ፣ ቀጥሎ ኢንስፔክተር፣ ዋና ኢንስፔክተር፣ አማካሪ፣ ዋና አማካሪ፣ የመምሪያ ሹም፤ ከሁሉም በላይ ከጄኔራል የሚስተካከለው የአስተዳደሩ ሹም። በጀርመንኛ እያንዳንዱ ማዕረግ አንድ ቃል ነው፤ ቃሉ ግን የጭነት ባቡር ያህላል፤ መጨረሻው እስኪያልፍ መጀመሪያው ይረሳል። በየማዕረጉ ትይዩ የወታደሩ አቻ፣ የአንገቱ ቀለም፣ ማን ለማን ቀድሞ ሰላምታ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ኢንስፔክተርና መቶ አለቃ በር ላይ ቢገናኙ ማን ይቅደም በሚለው ጉዳይ ላይ ብቻ ሁለት ገጽ አለ። በዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ የሌለው የተያዘው አገር ሰው ነው። ይህን ያስተዋልኩት ያን ጊዜውኑ ነው ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን «አንተስ አገርህ ምን ነበርክ?» አሉኝ። እኔም በወታደራዊ መንግሥት ዘመን፣ በሰሜን ባለች አንዲት የጦር ሰፈር ከተማ፣ የይለፍ ወረቀት በሚሰጠው ክፍል እሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። ያኔ በዚያ አካባቢ ያለ ይለፍ ከከተማ ወደ ከተማ መሄድ አይቻልም ነበር። ዓይናቸው በራ። «ታዲያ የሥራ ባልደረባዬ ነሃ! የያዛችሁት የማንን አገር ነው?» አሉኝ።

«የማንንም አልያዝንም» አልኳቸው ቆጣ ብዬ። «በገዛ አገራችን ነው የሠራነው።»

«ወረፋው ላይ የቆሙት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር?»

ለነገር ብለው አይደለም፤ ለደብተሩ ብለው ነው የጠየቁኝ። ቀጥለውም ሥራዬን ዝርዝር አድርጌ እንድነግራቸው ጠየቁኝና እርሳሳቸውን አንስተው መዘኑኝ። ውጤቴ ረዳት ሆነ፤ «ከአሥር ዓመት በኋላ ምናልባት ጸሐፊ» አሉ። ረዳት ከታች የመጨረሻው ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ኩሽናቸውን አልረገጥኩም።

የተቀየምኩት አለምክንያት አይደለም። እኔ በካልጋሪ ኃላፊ ነበርኩ። የእኛ ሰው እሑድ ከሰዓት፣ ፈረንጆቹ አምልከው ሲወጡ በተከራየነው ቸርች ይሰበሰባል፤ ከአምልኮው በኋላ ምድር ቤት ወርደን ሻይ ስንጠጣ ያለ ማዕረግ የሚቀመጥ ሰው የለም። ውቅያኖሱን ስንሻገር ሁላችንም ተሹመናል። መዝገብ ቤት የነበረው የመምሪያ ኃላፊ፣ ሹፌር የነበረው የትራንስፖርት ኃላፊ፣ የኃላፊ ባለቤት ወንድም የነበረውም ኃላፊ ሆኗል። የሚገርመው ግን ያው ሰው የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ «በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረዎት ኃላፊነት» የሚለው ጋ ሲደርስ ነው። ሻይ ላይ ኮሎኔል የነበረ ሰው ፎርሙ ላይ የስፖርት አስተማሪ እንደነበር እኔ ራሴ ሞልቼለታለሁ። እኔ ደግሞ ለፎርሙ ተራ ጸሐፊ፣ ለሻዩ የይለፍ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ።

እውነቱ ይህ ነው፦ መስኮት ላይ ነበር የምቀመጠው። ማመልከቻ እቀበላለሁ፤ አንድ ሻለቃ እንዲፈርሙበት ወደ ውስጥ አስገባለሁ፤ የተፈረመውን እመልሳለሁ፤ ያልተፈረመውን ባለጉዳይ «ነገ ተመለሱ» እላለሁ። ሻለቃው ብዙ ቀን አይገቡም ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አብልጬ የሠራሁት ነገ ተመለሱ ማለቱን ነው።

ላገባት የፈለግኳትን ልጅ ያገኘኋት በቸርቹ ኳየር ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሰው ሲያወራ እስኪጨርስ ድረስ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ በዚህ ነው የወደድኳት። የመጀመሪያ ቀን ሊፍት ስሰጣት፣ ገና ፓርክ አድርጌ ሳልጨርስ፣ አገር ቤት ኃላፊ እንደነበርኩ ነግሬያት ነበር። እናቷን ከዓመት በፊት ስፖንሰር አድርጋ አምጥታ ቴምፕል የሚባል ሰፈር አብረው ይኖራሉ። ነገራችን ከስምንት ወር በኋላ ቁምነገር ላይ ሲደርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ስማ፣ እኔ አንተን እወድሃለሁ። ባት እማዬ እሺ ካላለች አላገባም። ፒሪየድ። ሽማግሌ ላክ።»

በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በሰው ቤዝመንት፣ ሌላ ምንም አልነበረኝም። ይህች ልጅ ካመለጠችኝ የሚጠብቀኝ የሽማግሌው ዓይነት እርጅና መሆኑ በደንብ ይታየኝ ነበር፤ ፈራሁ።

ሦስት ሽማግሌ አዘጋጀሁ። መሪው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ ለማዕረግ ደግሞ እጃቸው አይሰስትም። ሁለተኛው ዝም ሲል የሚያምርበት የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው በቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ «ቦሱ ሺፍት ግባ አለኝ፣ ሶሪ» አለ። ሁለት ሽማግሌ ሆኖ መሄድ ደግሞ አያምርም፤ ቀጠሮው ከተሰጠም በኋላ መቅረት ነውር ነው። ቤቴ የመጡት ጋሼ ኩሽናው መስኮት ላይ የሚታዩትን ጀርመናዊ አይተው «ሽበት አላቸው። ሱፍ አላቸው?» አሉኝ።

«አላቸው።»

«ጌታን ያውቃሉ?»

«ሉተራን ናቸው።»

«ታዲያ የእኛው ናቸዋ!» አሉ ጋሼ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ጀርመኑን መለመን አላስፈለገኝም። የጠየቁኝ ሥነ ሥርዓቱን ብቻ ነው። ማን ቀድሞ ይገባል? ማን ይናገራል? ልመናው ካልተሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም፣ ሙሽራው ራሱ ደግሞ አይገባም ስላቸው፣ ደብተሩን አውጥተው ጻፉት። «ይህ ሕዝብ አስተዳደር ያውቃል» አሉ።

ቴምፕል ደርሰን ሦስቱ ገቡ፤ እኔ መኪናውን አስነስቼ፣ ሂተሩን ለቅቄ ጠበቅኩ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የማውቀው ከልጅቷ ነው፤ ኩሽና ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ጋሼ ኮፍያቸውን ይዘው እንደቆሙ «እትዬ፣ ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው» አሉ።

«ልጃችሁ ምን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው?» አሉ እናትየው።

ሽማግሌ ሲሄድ በሙሽራው ማዕረግ ላይ መጨመር እኛ ዘንድ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ እንዲያውም የማይጨምር ሽማግሌ ሙሽራውን ጠልቶታል ይባላል። ጋሼ ደግሞ ወደውኛል። «አሁን ቀን ጥሎት መጋዘን ይሠራል እንጂ አገር ቤት ትልቅ ሰው ነበር» አሉና የከተማዋን ስም ጠሩ። «እዚያ በወታደራዊው አስተዳደር የአውራጃው ምክትል አስተዳዳሪ ነበር ማለት ይቻላል። ያለሱ ይለፍ ዝንብ አታልፍም ነበር!»

እናትየው «የይለፍ ወረቀቱን የሚፈቅደው እሱ ነበር?» አሉ።

«ሌላ ማን ኖሮ!»

ይህን ጊዜ ጀርመኑ የሚባለው እንዲተረጎምላቸው ጠየቁ። ሲተረጎምላቸው ደስ አላቸውና እሳቸውም ምስክርነት ልስጥ አሉ። «እኔ ባለሥልጣን ሳይ አውቃለሁ። እሱና እኔ የሠራነው አንድ ሥራ ነው፤ እኔ በያዝነው አገር፣ እሱ በእሱ በኩል። ይህ ሰው ወረቀት አያጠፋም። መኪና ሳይገዛ የተሳፈረበትን የአውቶቡስ ቲኬት እንኳ ደርድሮ አስቀምጧል። በእኛ ጊዜ ቢሆን ቢሮዬ እወስደው ነበር።» ጋሼ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ በኩራት ተረጎሙት።

«ልጁ የት ነው ያለው?» አሉ እናትየው።

«ውጭ፣ መኪና ውስጥ።»

«ጥሩልኝ።»

ሙሽራ በዚያ ሰዓት አይጠራም። ልጅቷ ቲሸርት ብቻ እንደለበሰች በበረዶው ላይ ሮጣ መጥታ የመኪናውን መስኮት ስትመታ እሺ የተባልኩ መስሎኝ ነበር። «እማዬ ግባ ትልሃለች» አለችኝና ፊቴን ሳታየው ተመለሰች። ቡትሴን በር ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ። እናትየው ከሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

«ኃላፊው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ድምፃቸውን ስሰማ ኃላፊነቱ ምን እንደሚያመጣብኝ ባላውቅም መልካም ነገር እንደማያመጣ ገባኝ። «የለም እትዬ፤ ጋሼ አክብረውኝ ነው። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ኧረ ጸሐፊም አይደለሁም፣ ረዳት ነበርኩ። ፊርማው የሻለቃው ነው። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ወረቀት መቀበል ብቻ። ምንም ሥልጣን አልነበረኝም።» በአንድ ትንፋሽ ከምክትል አስተዳዳሪነት ወደ ረዳትነት ወረድኩ። ጀርመኑ ለዚህ ሳምንት ያስፈልጋቸው ነበር። ጋሼ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት።

«ሻለቃውን አላውቀውም» አሉ እናትየው። «አይቼው አላውቅም። ክፉ ይሁን ደግ ይሁን በምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው የመስኮቱን ሰው ነው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ። እሳቸውም በዚያች ከተማ ኖረዋል። መስኮቷ ዝቅ ብላ የተሠራች ነበረች፤ ጎንበስ ካላሉ አይሰማም፤ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። «ጣቱ ላይ ቀይ ላስቲክ ያጠልቅ ነበር፣ የወረቀት መቁጠሪያ» አሉ። «በዚያች ጣት ማመልከቻዬን ወደኔ ገፋ ያደርግና ‹ነገ ተመለሱ› ይለኛል። ዘጠኝ ቀን። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። ነገ ተመለሱ፣ ነገ ተመለሱ።»

እንዲህ ያለ ላስቲክ ካልጋሪም ለመጋዘኑ ወረቀት ገዝቻለሁ፤ ያን ዕለት የጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩና እዚያው ያዝኩት። እናትየውን ትክ ብዬ አየኋቸው፤ ላስታውሳቸው ሞከርኩ። አላስታውሳቸውም። ዛሬም አላስታውሳቸውም፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የማፍረው በዚህ ነው።

እናትየው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «የመጣችሁበትን ሰምቻለሁ። ነገ ተመለሱ» አሉ።

 መኪና ውስጥ ጀርመኑ ምን እንደተባለ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «ትክክል ነው» አሉ ቀበቷቸውን እያሰሩ። «እንዲህ ያለ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን አይፈቀድም።»

ሽማግሌን ማመላለስ ያለ ነው፤ ስለዚህ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተመለስን። እናትየው በሩን ሰንሰለቱ እስከፈቀደው ገርበብ አድርገው «ነገ ተመለሱ» አሉ። ሰኞም ያው። ሰኞ ዕለት ጋሼ ታክሲያቸው ውስጥ ሆነው «ወንድሜ፣ አይ ካንት ዱ ዚስ ኤቭሪ ደይ። እኔ እኮ ሥራ አለኝ። ደግሞ እውነቱን አስቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ በልኩ እጨምርልህ ነበር» ብለውኝ ተሰናበቱ፤ ዝምተኛውም አብሯቸው ተሰናበተ።

ያልተሰናበቱት ጀርመኑ ብቻ ናቸው። በየቀኑ ከሺፍት ስመለስ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከራቫታቸውን አስረው ይጠብቁኛል። እናትየውን እጅግ አድንቀዋቸው ነበር። «ድምጿን አትጨምርም። ምክንያት አትሰጥም። በሩን በሰዓቱ ትከፍታለች፣ በሰዓቱ ትዘጋለች። በእኛ ዘንድ ቢሆን ከአማካሪ በታች አትሆንም ነበር» ይሉኛል። እኔን ረዳት ያሉ ሰው ለእሳቸው ደብተሩ ላይ ከሻለቃ የሚስተካከለውን የአማካሪነት ማዕረግ ሰጧቸው።

በስድስተኛው ቀን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ወርዶ ነበር። ደወሉን ደወልን፤ በሩ ቶሎ አልተከፈተም። ደረጃው ላይ የሚቀመጡበት የለም። ጀርመኑ አንዴ በአንድ እግር፣ አንዴ በሌላው እየቆሙ ጠበቁ፤ አፍንጫቸው ቀላ። በኋላ በሩ ገርበብ አለ፣ የታወቀው ቃል ተባለ፣ ተዘጋ። ስንመለስ የተለመደውን አድናቆት እጠብቅ ነበር።

«እኛም ጋ አግዳሚ ወንበር አልነበረም» አሉ ሞተሩን ሳጠፋ።

«የት?»

«ከመስኮቱ ውጭ። ሰዎቹ የሚጠብቁበት። ወንበር ይደረግ ብዬ ለመጻፍ ሥልጣን ነበረኝ። አልመጣልኝም።»

በማግሥቱ ብርድ መታቸውና ቀሩ። በሰባተኛው፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ልጅቷን በስልክ ባገኘኋት ጊዜ «እኔን መሀል አታስገቡኝ» አለችኝ። «እና ደግሞ ዋሽተኸኛል። ክላርክ ብትሆን እኔ ዊል አይ ኬር? ኃላፊ ነበርኩ ብለህ እኮ ነው ያወራኸኝ፣ ላይክ፣ ለስምንት ወር።» እንደምትወደኝ አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

በአሥረኛው ቀን ሰንሰለቱ ተፈታ። «በሩን ዝጋው፣ ብርድ አታስገባ» አሉ እናትየው። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አንድ የፕላስቲክ ፎልደር አስቀምጠዋል። ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ከመቀመጤ በፊት አሥር ቀን ሳመላልሰው የነበረውን ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ ቀን የተመላለሱት ምን ፈልገው ነበር? የት ሊሄዱ ነው?»

«አሁን ጠየቅከኝ» አሉ። ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ተቀመጥ አሉኝ።

አባታቸው ሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ከተማ ታመው ነበር፤ ሌላ ልጅ አጠገባቸው አልነበረም። ይለፍ ለማውጣት ዘጠኝ ቀን ቆሙ። «በሰባተኛው ቀን መሞቱን ሰማሁ» አሉ። «ወረፋዬን ግን አልለቀቅኩም። ልቅሶ ለመድረስም ይለፍ ያስፈልጋል። በአሥረኛው ቀን ሰጠኸኝ። ስደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል።»

ምን ይባላል? ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ለዚያ ነገር እንደማይበቃ እያወቅኩ አልኩት። እሳቸውም አልሰሙም መሰለኝ፤ ፎልደሩን እየከፈቱ ነበር።

«ያ ነጩ ሽማግሌ ‹ወረቀት አያጠፋም› ብለው መስክረውልሃል» አሉኝ። «እኔም አላጠፋሁም።»

ይለፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ማኅተሙ ደብዝዟል፤ የሻለቃው ፊርማ እንደ ልማዱ አይነበብም። ጽሑፉ ግን ቁልጭ ያለ ነው፤ የኔ እጅ ነው። ያኔ በእጅ ጽሑፌ ብዙ ሰው ያመሰግነኝ ነበር። «የጉዞው ምክንያት» የሚለው ጋ «የግል ጉዳይ» ይላል። ማንንም አልጠይቅም ነበር፤ ለሁሉም የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሻዬን እየጠጣሁ ሃምሳ ወረቀት ላይ አስቀድሜ እሞላው ነበር።

እስክሪብቶ አቀበሉኝ። «አርመው» አሉ።

 በዚያ ሁሉ መሀል፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ዋጋ እንደማይኖረው ነው። ይህ ከአፌ ሊያመልጠኝ ጥቂት ቀረው። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ የተሰረዘው እንዲነበብ አድርጌ፣ «የግል ጉዳይ» ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከበላዩ «የታመሙ አባቷን ለማስታመም» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ። በሕይወቴ ይለፍ ላይ የፈረምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናትየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። አጥፈው ፎልደሩ ውስጥ መለሱትና «ቅዳሜ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና» አሉኝ። «ዋሾውንም ዝምተኛውንም። ነጩንም ሽማግሌ ይዘሃቸው ና። እሳቸውም መስኮት ሳይኖራቸው አይቀርም።»

ኦግደን ስደርስ ጀርመኑ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ኩሽና ተቀምጠው ነበር። ደብተራቸው አጠገባቸው አለ፤ ግን አልተከፈተም። የሆነውን ሁሉ፣ ስለ ወረቀቱም፣ እናትየው ስለ እሳቸው ያሉትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ባቡሩ ግቢ ውስጥ ፉርጎ ተጋጠመ፤ ብርጭቆዎቹ እስኪረጋጉ ጠበቁ። ዋና አማካሪ ነበርኩም፣ ታይፒስት ነበርኩም አላሉም።

«እኔን ስንት ቀን ታቆመኛለች?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። «ብቻ ወፍራሙን ካፖርት ይልበሱ።»